ሲጋራ ካቆማችሁ በኋላ፦ ሐራራ ሰዓትና ቦታ አለው

ሲጋራ ያቆማችሁ ቀን ሁሉም ያጨበጭብላችኋል። እናት ትመርቃለች፣ ጓደኛ «በርታ» ይላል። ከዚያ ሦስተኛው ቀን ይመጣል። ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ የአራብሳ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆማችኋል። ሰልፉ ንቅንቅ አይልም። ከፊታችሁ ያለው ሰውዬ ይለኩሳል፣ ጭሱም ቀጥ ብሎ ወደ እናንተ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያጨበጭብ የለም። ይህ መመሪያ ለዚያች ሰዓት ነው።

የምጽፈው ከከተማው ዳር ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚሁ ናቸው፤ ከአራብሳ፣ ከአባዶ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ። ዳር መኖር ላቆመ ሰው የራሱ ጣጣ አለው። መንገዱ ይረዝማል፣ ጥበቃው ይበዛል፣ ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ሲጋራ ያምረዋል።

ሐራራ ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ አይውልም። ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ ይዞት የሚመጣ ሰው አለው። ቀድማችሁ ቦታው ላይ ሌላ ነገር አስቀምጣችሁ ከጠበቃችሁት መጥቶ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ሰውነታችሁ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ

አንዴ የተማገ ጭስ ውስጥ ያለው ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ደም ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ፓኮ የሚጨርስ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚለኩሰው ለዚህ ነው፤ አንጎሉ «ጎደለብኝ» ይለዋል። ስታቆሙም ይህ ጥያቄ ወዲያው አይቆምም። የሚበረታው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ያስቸግራል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ምልክት ይለዝባል። የምግብ ፍላጎት መጨመሩ ግን ከዚያም ሊዘልቅ ይችላል።

በእነዚህ ሳምንታት ትነጫነጫላችሁ። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል፣ ሆድ ይደርቃል። አፋቸው ውስጥ ቁስል የሚወጣባቸው አሉ። ሳል የሚብስባቸውም አሉ፤ የመተንፈሻ ቱቦን የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ከጭሱ ሲገላገሉ ወደ ሥራቸው ስለሚመለሱ አክታው ይወጣል። ይህን ያልሰማ ሰው «ጭራሽ ሳቆም ነው የታመምኩት» ብሎ ይመለስበታል። እንዲህ የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።

ጥቅሙም የሚጀምረው ወዲያው ነው። ከመጨረሻው ሲጋራ 20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት መውረድ ይጀምራል። ግማሽ ቀን ሲሞላ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ መጠን ይመለሳል። በ1 ዓመት የልብ ደም ሥር በሽታ ስጋት አጫሹ ካለበት በግማሽ ያህል ያንሳል። በ10 ዓመት የሳንባ ካንሰር ስጋት በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ቁጥር ግን ለማክሰኞ ማታ ሐራራ ብዙም አይረዳም። 10 ዓመት ሩቅ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ይሻላል። ሊፍት የሌለው ብሎክ 4ኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ የሳንባ ምርመራ በየቀኑ በነፃ ይደረግላችኋል። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካኑን ይዛችሁ ስትወጡ የት የት እንደምታርፉ ዛሬ ልብ በሉ። ከወር በኋላ በዚያው ጀሪካን ደግሙት። ልዩነቱን ጉልበታችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

2. የሐራራችሁን መዝገብ ያዙ

ወረቀት ወይም የስልክ ማስታወሻ ይበቃል። ለአንድ ሳምንት ሐራራ በመጣ ቁጥር አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ነው፣ የት ናችሁ፣ ከማን ጋር ናችሁ፣ ምን ተሰምቷችኋል። አጭር ይሁን፤ «ጧት 12፡30፣ ኮሪደር፣ ብቻዬን፣ ገና እንደነቃሁ»፣ «4 ሰዓት፣ ጀበና ቡና፣ ከሥራ ልጆች ጋር፣ ደስ ብሎኝ»፣ «ማታ 2 ሰዓት፣ ደረጃው ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ደብሮኝ»።

«ደስ ብሎኝ» የሚለውን አትዝለሉት። ሰው ሐራራ የሚመጣው ሲናደድ ብቻ ይመስለዋል። ደሞዝ የገባ ቀን፣ ቡድኑ ያሸነፈ ቀን፣ ልጅ ክርስትና ሲነሳ የሚመጣው ይብሳል፤ ማንም አይጠብቀውማ።

አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ጎረቤት አለኝ። መዝገቡን ሲያሳየኝ የገረመኝ ነገር ቢኖር መሪ ይዞ እያለ ሐራራ የሚባል ነገር አለመጻፉ ነው። ሁሉም የተጻፈው አሸዋ ለመጫን ተራ ሲጠብቅ ነበር። እሱ ግን እስከዚያ ድረስ «ሲጋራ ያስለመደኝ መንዳት ነው» እያለ ሥራውን ሊቀይር ያስብ ነበር። ሥራው አላስቸገረውም። ያስቸገረው ወረፋው ነው። አሁን ተራ ሲይዝ ከጋቢናው ወርዶ ጎማ እየዞረ ያያል፣ መስታወት ይወለውላል።

ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። ሐራራችሁ የሚመላለሰው አራት ወይም አምስት ቦታ ላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሥራችሁ እነዚያ ላይ ነው።

3. ደቂቃዎቹን የምታሳልፉበት ነገር በእጃችሁ ይኑር

አንድ ሐራራ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆያል፣ ቢበዛ 10። እየበረታ ይመጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ብታጨሱም ባታጨሱም ይወርዳል። ይህን በሰዓት ለኩት። ሐራራው ሲጀምር ስልካችሁን እዩና «10 ደቂቃ ሲሞላ እወስናለሁ» በሉ። «በሕይወቴ ዳግም አልነካውም» ብሎ ሰልፍ መሀል መማል ትከሻ ይሰብራል። 10 ደቂቃ ግን ማንም ይችላል።

በ10 ደቂቃው ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? እጅና አፍ ሥራ ይፈልጋሉ። በኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው መንገድ ዳር የሚሸጠው መፋቂያ ነው። ጣት ይይዛል፣ አፍ ይይዛል፣ ርዝመቱ ራሱ ሲጋራ ያክላል፣ ጥርስም ያጸዳል። የወይራው መረር ስለሚል አፍ ሌላ ነገር አያምረውም። ሁለተኛው ቆሎ ነው። በእፍኝ አትቃሙት፤ አንድ አንዱን እያነሳችሁ ቆርጥሙት፣ ኪስ ያለው እስኪያልቅ ሐራራው ያልቃል። ከረሜላና ብስኩት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ያቆመ ሰው በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፣ ቦርጩን ሲያይ ደግሞ ሲጋራው ይናፍቀዋል።

አተነፋፈስም ይረዳል፤ ከሲጋራ ማረፊያ የሚመስለን ነገር ግማሹ በጥልቀት መተንፈሱ ነው። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ትንሽ ያዙ፣ በአፍ ከመግባቱ ዘግየት አድርጋችሁ አስወጡ። አምስት ስድስት ጊዜ። ሰልፍ ላይ ማንም ሳያውቅ ይሠራል። ቤት ከሆናችሁ ደረጃውን እስከ ታች ወርዳችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና፣ ወደ ሱቅ በደረቴው። ፓኮ ልግዛ ብሎ የማያስብ ሰው «አንድ ፍሬ» ይገዛል። ልጁ ያውቃችኋል። ከሩቅ ሲያያችሁ እጁ ወደ ፓኮው ይሄዳል። «ጋሼ፣ የተለመደችውን?» ይላል። ከዚህ ልጅ መሸሽ አያዋጣም፣ ፌርማታው ላይ በየቀኑ አለ። ቀድማችሁ አነጋግሩት። «ስማኝ ወንድሜ፣ ሲጋራ አቁሜያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስታየኝ ማስቲካ አቀብለኝ» በሉት። ሣጥኑ ላይ ሲጋራውና ማስቲካው ጎን ለጎን ናቸው፤ ለሱ ሁለቱም ገበያ ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጣቸው ይወዳሉ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሳትጠይቁት ማስቲካውን ያወጣዋል፣ «ጋሼ እንዴት ነው፣ እየቻሉት ነው?» ማለቱም አይቀርም።

ቤት ውስጥ ያለውን ላይተርና መተርኮሻ አስወግዱ። መብራት ሲጠፋ ሻማ የምትለኩሱበት ክብሪት ወጥ ቤት ይቀመጥ፣ ኪስ ውስጥ አይደር።

4. ቡናውን ቀንሱ፣ ምክንያቱ ሐራራው ብቻ አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ።

ቡናና ሲጋራ አብረው እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ጉበት ውስጥ የሚሆነው ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። አጫሽ ሰው ቡና ደጋግሞ የሚጠጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቶሎ ይወጣለታል። ስታቆሙ ጉበት ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል። ያቺው ሦስት ስኒ አሁን ሰውነታችሁ ውስጥ ረጅም ሰዓት ትቆያለች። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ዓይን አይከደንም፣ በጧት ደግሞ ሁሉም ሰው ያናድዳል። እናንተ «ሲጋራ ማቆሜ ነው ያሳበደኝ» ትላላችሁ። ግማሹ የቡናው ሥራ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቡና እርም ማለት አይደለም፤ እዚህ አገር ያ አይሆንም። በግማሽ ቀንሱ። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን እለፉ፣ በረካው ሲመጣ ምርቃቱን ተቀበሉ። ከ9 ሰዓት በኋላ ባትጠጡ ለእንቅልፋችሁ ይሻላል። ቦታችሁንም ቀይሩ። ብሎኩ ሥር ካለችው ጀበና ቡና የምትጠጡ ከሆነ አጫሾቹ የተኮለኮሉበት ጠርዝ ላይ ያለውን በርጩማ ትታችሁ ቡና አፍይዋ አጠገብ ተቀመጡ። ለጥቂት ሳምንት በሻይ የሚተካም አለ፤ ሻይም ካፌይን አለው፣ ከቡና ግን ያንሳል።

ካፌ ከሆነ ወደ ውስጥ ግቡ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በተዘጋ የሕዝብ መገልገያ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። በረንዳው ሲያጨሱ የኖራችሁበት ቦታ ነው፣ ለጊዜው ሌላ ሰው ይቀመጥበት።

5. ጫት፣ ድራፍትና ሺሻ

ጫቱን ይዤ ሲጋራዬን ብቻ እተዋለሁ የሚል ሰው ካለ ጥረቱን አደንቃለሁ፣ አላምነውም ግን። ምርቃናው ሲመጣ እጅ ወዴት እንደሚሄድ የቃመ ያውቀዋል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከበርጫ ራቁ። «ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ እንጂ አልቅምም» የሚለውም አይሠራም፤ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ነው የምትጫወቱት።

ድራፍትም እንደዚሁ። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ጧት የወሰናችሁትን ውሳኔ ሌላ ሰው የወሰነው ይመስላችኋል። መጠጣት ካልቀረ ከማያጨስ ሰው ጋር፣ ቀን፣ ምግብ በልታችሁ ይሁን። ሺሻ ምትክ አይደለም። ትምባሆ ነው፣ ኒኮቲን አለው።

6. ለቅሶ ቤት

ይህ የኛ አገር ልዩ ፈተና ነው። ድንኳን ተጥሏል፣ የእድሩ ወንበር ተደርድሯል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ዳር ሰፈር ደግሞ ነፋሱ ይለያል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ጎረምሳው ከድንኳኑ ጀርባ ካርታ ይዘረጋል። እዚያ ፓኮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዋጋ የለውም፣ ጠያቂ የለውም። ሐዘንም ስላለ ማንም «ለምን?» አይላችሁም። ዓመት የቆዩ ሰዎች እዚህ ቦታ ላይ ይወድቃሉ።

አለመሄድ አይቻልም፣ ማኅበራዊ ኑሮ ነው። ስለዚህ ሥራ ተቀበሉ። እድርተኛ ሥራ የሚቀበል ሰው አይጠላም። ንፍሮ አዙሩ፣ ውኃ አስታጥቡ፣ ጄኔሬተሩን እዩ፣ ወንበር ቁጠሩ። ማምሸት ግድ ከሆነ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡ፤ አብዛኛው ሰው በነሱ ፊት አይለኩስም። ካርታውን ለሌላ ለቅሶ አቆዩት።

ሲጋራ ሲዘረጋላችሁ የምትሉት ቃል ቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን። «ልሞክር ነው፣ እየተውኩ ነው» ካላችሁ ክርክር ከፈታችሁ፤ «ዛሬ እንኳን ለሟች ስትል» ይላችኋል። «አቁሜያለሁ፣ ይስጥልኝ» ብላችሁ ወሬውን ቀይሩ። የሚያፌዝ ካለ ያፊዝ፣ እሱም ስንቴ እንደሞከረ እሱ ነው የሚያውቀው።

7. ለማን ትናገራላችሁ?

ለሁሉም መናገር አያስፈልግም። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሥራ ቦታ። የቤቱ ሰው ለሁለት ሳምንት ጠባያችሁ እንደሚከፋ ቀድሞ ይወቅ። ከሁሉም የሚጠቅመው ራሱ አጭሶ ያቆመ ሰው ነው። ማታ 3 ሰዓት ደውላችሁ «መጣብኝ» ስትሉት አይሰብካችሁም፣ ስለ ኳስ እያወራ 10 ደቂቃዋን ያሻግራችኋል።

ተደብቀው የሚያጨሱ ሴቶች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። ማጨሳቸውን የሚያውቅ ስለሌለ ማቆማቸውንም የሚያውቅላቸው አይኖርም። ሲነጫነጩ «ምን ነካት?» ይባላሉ። አንዲት የምታምኚያት ሴት ካለች ለሷ ብቻ ንገሪያት። ከሌለች የሕክምና ባለሙያ ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው።

8. ጾም ላይ የተማራችሁትን አትጣሉት

ሁዳዴን ሙሉ፣ 55ቱን ቀን ሳያጨስ የሚቆይ ሰው በየብሎኩ አለ። ረመዳን ላይም ከጎህ እስከ አፍጥር ከ13 ሰዓት በላይ ሳይነካ የሚውል አለ። እነዚህ ሰዎች «እኔ አቅም የለኝም» ሲሉ አልቀበላቸውም። አቅሙን አሳይተዋል።

ችግሩ ቀኑ ተቆርጦ መታወቁ ነው። ሁዳዴ ላይ ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለፋሲካ እየቆጠረ ነው ያቆመው። ዶሮው ሲበላ ሲጋራውም አብሮ ይፈታል። ስለዚህ በጾም ለመጀመር ካሰባችሁ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ከባዱ ወር በጾሙ ጉልበት ያልፍላችኋል። ግን የበዓሉን ማግስት ከአሁኑ አቅዱት። የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ የት ትሆናላችሁ? ከማን ጋር? ከዘመድ ቤት እስከ ቤታችሁ በእግር ትመለሳላችሁ ወይስ እነ እገሌ ጋር ጎራ ትላላችሁ? መልሱን ጾሙ ሳይፈታ ጻፉት።

9. ገንዘቡን እቁብ ውስጥ አስገቡት

አንዱ ፍሬ 10 ብር ነው እንበል፣ በቀን 10 ታጨሱ ነበር እንበል። በሳምንት 700 ብር፣ በዓመት ከ36 ሺህ ብር በላይ ነው። ይህ ሒሳብ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያስደነግጣል፣ ገንዘቡ ግን ኪስ ውስጥ ከቀረ በጥቃቅኑ ይበተናል። በዓመቱ መጨረሻ «ሲጋራ አቁሜ ምን አተረፍኩ?» ትላላችሁ።

በዚያችው 700 ብር ሳምንታዊ እቁብ ግቡ። እቁብ ከባንክ የሚሻለው ሰው ስላለበት ነው። እሁድ ጧት ብሩን ካላመጣችሁ ሰብሳቢው ይደውላል፣ ስማችሁ ይነሳል። ዕጣው ሲወጣ ለምን እንደምታውሉት አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ተናገሩ፤ ለውኃ ታንከር፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለፍሪጅ። ከዚያ በኋላ ፍሬ ሲጋራ ስትገዙ ከማን ኪስ እንደምታወጡ ግልጽ ይሆናል።

10. አንዲት ካጨሳችሁ

የብዙ ሰው መንገድ ውስጥ አንዲት ፍሬ አለች። አደገኛዋ እሷ ሳትሆን ከሷ በኋላ የሚመጣው «በቃ፣ አበላሸሁት» የሚለው ነው፤ ሰው ፓኮ የሚገዛው ይህን ካለ በኋላ ነው። ግማሹን ከሆነ ያጨሳችሁት ቀሪውን አሁኑኑ ጣሉት። ከቦታው ተነሱ። ማታ መዝገባችሁን አውጡና አራቱን ነገር ጻፉ። ምናልባት መዝገባችሁ ላይ ያልነበረ አዲስ ቦታ ነው፣ ለምሳሌ መኪና የተበላሸበት መንገድ ወይም የቀበሌ ወረፋ። ለሱም አንድ ነገር አዘጋጁለት። የተቆጠሩት ቀናት አልጠፉም፣ ሳንባችሁ አገግሞበታል።

11. ሕክምና መፈለግ መቼ?

ከዚህ በፊት ደጋግማችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተመለሳችሁ ከሆነ፣ ወይም ከእንቅልፍ በነቃችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትለኩሱ ከነበራችሁ፣ ወኔ ላይ ብቻ አትደገፉ። የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ፤ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉት ክኒኖች በ2021 እ.ኤ.አ. ተጨምረዋል። ክኒኖቹ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰዱ ናቸው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቡፕሮፒዮን አይወስድም። የሰፈር ፋርማሲ ካጣችሁ መሀል ከተማ ያሉትን ትልልቆቹን ጠይቁ።

ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ቀስ ብላችሁ ታኝኩታላችሁ፣ አፍ ሲቆጠቁጥ ታቆሙና ጉንጭና ድድ መካከል ታስቀምጡታላችሁ፣ ስሜቱ ሲጠፋ ትደግሙታላችሁ። 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከመውሰዳችሁ 15 ደቂቃ በፊት ቡናም ለስላሳም አትጠጡ፣ ኒኮቲኑ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያጨስ የነበረ 4 ሚሊግራሙን ይጠቀማል፣ ከዚያ ይዘገይ የነበረ 2 ሚሊግራሙን።

ለስኳር ወይም ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ማቆማችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከቡናው ጋር በተያያዘ ያነሳሁት የጉበት ጉዳይ አንዳንድ መድኃኒቶችንም ይነካል፣ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ድብርቱ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቃችሁ፣ ወይም ጫትና መጠጡም አብሮ ካስቸገረ፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

ሳሉን በተመለከተ ደግሞ፣ ማቆማችሁ ያመጣው ነው ብላችሁ ዝም አትበሉት። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ደም ከታየበት፣ ሌሊት የሚያልብ ወይም የሚያከሳ ከሆነ አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አክታ አስመርምሩ። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ስትሄዱ ምን ያህል ዓመት እንዳጨሳችሁና መቼ እንዳቆማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።